በአጥርና በግድግዳ መካከል የቆመ ምድጃ

ቢቸና ዙሪያ ያለ ገበሬ የአቶ ገብረ ሕይወትን ማጭድ ከሌላው የሚለየው እጀታው አንገት ላይ ባለችው ትንሽ ጭረት ነበር። ያችን ጭረት ካየ ስለቱን በጣቱ እንኳ ሳይሞክር ይዞ ይሄዳል። ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ማጭዱን የምትቀጠቅጠው ልጃቸው ውበቴ መሆኗን ነው።

አቶ ገብረ ሕይወት የቤታቸውን ክዳን ሲጠግኑ ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ከተጎዳ በኋላ፣ መዶሻ ከደረታቸው በላይ ማንሳት ተሳናቸው። ወንዶቹ ልጆቻቸው ሙያውን ጥለው ከሄዱ ቆይተዋል። አንዱ ባሕር ዳር ሹፌር ነው፤ ሌላው አዲስ አበባ ግንበኛ ሆኗል። የቀጥቃጭ ልጅ መባል የማይከተላቸው አገር ፈልገው ነው የሄዱት። ውበቴ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወናፍ እየነፋች ያደገች ናት። ከሰሉ ውስጥ የተቀበረ ብረት መቼ መውጣት እንዳለበት ከቀለሙ ታውቃለች። አባቷ መዶሻውን መሬት አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ዕለት፣ እሷ አንስታ ቀጠለች። አላመሰገኗትም፤ አልከለከሏትምም። ብረቱን በጉጠት ያዙላትና "አንገቱ ላይ መዶሻ አታብዢበት" አሏት። ከዚያ ወዲያ አብረው ሠሩ።

በዚህ መሐል መንገዱ ሲሰፋ ግቢያቸው ተቆረጠ። እሳት ቤቱ ፈረሰ፤ ከቤቱ ጎን የቀረችው መሬት ሰው ተቀምጦ እግሩን የሚዘረጋባት አልነበረችም። አቶ ገብረ ሕይወት ጉጠቱንና መዶሻውን ዘይት ቀብተው፣ በጆንያ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገቡት።

"በቃ፤ ለእኔ እስከዚህ ነው" አሉ።

ውበቴ ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ ከአባቷ ጋር ነበር የምትኖረው። ቁጭ ብላ መዋሉ ሲከብዳት ለአባቷ እህት ለወይዘሮ ፈንታዬ ስልክ ደወለች። ወይዘሮ ፈንታዬ ሞጣ ውስጥ ሽሮና በርበሬ የሚነግዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው።

"እዚህ ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ቦታ ግን የለኝም" አሏት። "ከቤቴ ግድግዳና ከጎረቤቴ አጥር መካከል እንጨት የማስቀምጥባት ቀዳዳ ብቻ ናት ያለችኝ።"

"እሷኑ ይስጡኝ።"

አባቷ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያችን ቀዳዳ ያውቋታል፤ እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ አይተዋታል። "በዚያች ጉሮሮ ውስጥ እንኳን ቀጥቃጭ ድመትም አትዞርም" አሉ። ቢሆንም ውበቴ አውቶቡስ የተሳፈረች ዕለት ጆንያውን ከአልጋ ሥር አውጥተው፣ እስከ መናኸሪያ ተሸክመው ሸኟት።

ቀዳዳዋ በእርግጥ ጠባብ ነበረች። ውበቴ መሐሏ ላይ ቆማ እጆቿን ስትዘረጋ፣ የአንድ እጇ ጣቶች የአክስቷን ጭቃ ግድግዳ፣ የሌላው ደግሞ የጎረቤትን የብሎኬት አጥር ይነካሉ። ርዝመቷ ግን ደህና ነው፤ ከፊት ለፊቱ መንገድ እስከ ጓሮ ድረስ ይዘልቃል። አባቷ እንደለመዱት መሬት ላይ ምድጃ ቆፍሮ፣ ወናፉን ከኋላው ዘርግቶ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ መሥራት እዚህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ውበቴ ተቀምጣ የምትሠራውን ሁሉ ቆማ ለመሥራት ወሰነች።

ብየዳ ቤት ሄዳ በቁመቱ የተሰነጠቀ በርሜል አመጣች፤ ሆዱን በጭቃ ለስና፣ ከወገቧ ከፍ አድርጋ በድንጋይ ካብ ላይ አስቀመጠችው። ይህ ምድጃዋ ሆነ። በወናፉ ፈንታ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ በቧንቧ አገናኘችለት። አባቷ መቀጥቀጫ ያደረጉትን ወፍራም ብረት ግንድ ላይ ተከለች፤ ግንዱን ደግሞ ጉድጓድ ቆፍራ በአሸዋ መሐል ቀበረችው። አሸዋው ድምፁን ይውጠዋል ብላ አስባ ነው። ጉጠት፣ መዶሻና ሞረድ ሁሉም ከራሷ በላይ ከተዘረጋ እንጨት ላይ ተንጠለጠሉ። መሬት ላይ የቀረው ብረት የምትነክርበት የውኃ ባልዲ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ፈንታዬ ዞር ዞር እያሉ ሲያዩ ቆዩና "ማጀቴ እንዲህ በተደራጀልኝ" አሉ።

እሳቱ የተለኮሰ ዕለት ግን ጭሱ አልወጣም። ጣራ ያደረገችው ቆርቆሮ ሥር ተጠቅልሎ ቆየና፣ መውጫ ሲያጣ በአጥሩ አናት ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ግቢ ፈሰሰ። ጎረቤቷ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ በሠፈሩ የተከበሩ ሴት። ውበቴ ከመጣች ጀምሮ ሰላምታዋን በሩቁ ነበር የሚመልሱት፤ በበራቸው ስታልፍም የልጅ ልጃቸውን ወደ ቤት ይጠሯታል። ውበቴ ምክንያቱን ታውቃለች። ቀጥቃጭ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚለውን ወሬ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ አንድ ነጭ ነጠላ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ጥላሸት ተረጭቶበታል።

"ይኸውልሽ ፈንታዬ፣ ለማርያም ልለብሰው ያጠብኩት ነው" አሉ። ውበቴን አላዩዋትም። "እኔ ከቀጥቃጭ ጋር አጥር ተጋርቼ አልኖርም። ወይ እሳቱ ይጥፋ፣ ወይ ነገ ቀበሌ እንገናኝ።"

ውበቴ ባልዲውን አንስታ ውኃውን ምድጃው ላይ ደፋችው። ከሰሉ ተንጫጭቶ ጠፋ። ቀጥቃጭ መባሉ አዲስ አልሆነባትም። ያንገበገባት ነጠላው ነው፤ እሱስ የራሷ ጥፋት ነው። ይዛው ሄዳ አጥባ ልትመልሰው እጇን ስትዘረጋ፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ስበው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ውበቴ ያለ እሳት የሚሠራ ነገር ብቻ ስትሠራ ሰነበተች። ቢላዋ ትሞርዳለች፤ የላላ የዶማ እጀታ ታጠብቃለች። ለአባቷ ሁሉም ደህና ነው ትላቸዋለች። እውነቱን የነገሯቸው ወይዘሮ ፈንታዬ ናቸው።

አቶ ገብረ ሕይወት ሳይናገሩ በድንገት መጡ። ከአውቶቡስ ወርደው፣ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ወደ ቀዳዳዋ ገቡ። የምድጃውን ከንፈር በመዳፋቸው ዳሰሱ። ግንዱን ገፋ አድርገው እንደማይነቃነቅ አዩ። ከራሳቸው በላይ የተንጠለጠለውን ጉጠት በግራ እጃቸው አወረዱና መልሰው ሰቀሉት። ውበቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

"ልወስድሽ ነበር የመጣሁት" አሏት።

"ምን አሰቡ ታዲያ፣ አባባ?"

"ቆሞ መቀጥቀጥ ወገብ አያምም?"

"ከመቀመጡ ይሻላል። ጉልበቴን አያመኝም።"

"እኔን ጉልበቴን ነው የገደለኝ" አሉ፤ ወዲያው ደግሞ "እስቲ ጥቂት እርጥብ ቅጠል አምጪና አጭሺልኝ፤ ጭሱን ልየው" አሏት።

ቅጠሉ ሲጨስ አቶ ገብረ ሕይወት ወደ መንገዱ ወጡ፤ ወደ ጓሮ ዞሩ፤ ተመልሰው መጡ። ቢቸና በነበረው እሳት ቤት ግድግዳ ስላልነበረ ጭስ አስቸግሯቸው አያውቅም። ቢሆንም ዕድሜ ልካቸውን ከእሳት ፊት የኖሩ ሰው ናቸውና የነፋሱን ጠባይ ቶሎ አገኙት። ከጓሮ በኩል የሚገባው ነፋስ ጭሱን ወደ አጥሩ ይገፋዋል። የጭስ መውጫ ቧንቧ ቆሞ ከወይዘሮ ጥሩአየሁ ጣራ ካልበለጠ፣ ምንም ቢደረግ ጭሱ እሳቸው ቤት ይገባል። ውበቴ በጓሮ በኩል ያለውን አፍ በቆርቆሮ መዝጋት እንደሚቻል አሰበች፤ አባቷ ደግሞ ከምድጃው በላይ ጭሱን የሚሰበስብ ቆብ መደረግ አለበት አሉ። ሁለቱንም አደረጉ። ላሜራውን አጥፋ ቆቡን የሠራች እሷ ናት። ረጅሙን ቧንቧ ሲያቆሙ ግን ወይዘሮ ፈንታዬም መሰላሉን ይዘው ረዷቸው።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ገብረ ሕይወት ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በር ሄዱ። ውበቴ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ትሰማለች።

"እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ። የልጅቱ አባት ነኝ። ነጠላዎን ማበላሸታችን ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ ልጠይቅዎ መጣሁ።"

"ይቅር ለእግዜር። ግን እሳቱ…"

"እሳቱን ዛሬ እርስዎ ባሉበት እናነድደዋለን። ከበረንዳዎ ሆነው ይዩት። ጭስ ወደ እርስዎ ከመጣ እኔው አጥፍቼው ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።"

"ድምፁስ?"

"ቅዳሴ ሳይወጣ መዶሻ አታነሳም። በዓል ቀንም አትሠራም።"

ውበቴ ከሰሉን ለኮሰች። አባቷ ልጃቸውን ይዘው እንደሚሄዱ መናገራቸውን አልወደደችውም፤ ቢቸና ተመልሳ ምድጃ የምትተክልበት ቦታ የላትም። ማራገቢያውን ከፈተች። ጭሱ ቆቡ ሥር ተሰበሰበ፤ ጥቂት አመነታና ወደ ቧንቧው ገባ። ወጥታ ቀና ስትል ከጣራዎቹ በላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሲበተን አየችው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ በረንዳቸው ላይ ቆመው እሳቸውም ቀና ብለው ያያሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ። በማግስቱም ቀበሌ አልሄዱም።

ሥራው ቀስ በቀስ መጣ። መጀመሪያ የአክስቷ ደንበኞች ቢላዋቸውን ይዘው መጡ፤ ከዚያ የከተማው ጉድጓድ ቆፋሪዎች። ድጅኖ ሲያመጡላት ግን ብረቱ ረጅም ስለሆነ ምድጃው ውስጥ ገብቶ በቀዳዳዋ ውስጥ መዞር አልቻለም። ውበቴ ጓሮውን በዘጋችበት ቆርቆሮ ላይ ጡጫ የምታሳልፍ ቀዳዳ ሠራች፤ የድጅኖው ጭራ በዚያ በኩል ወደ ጓሮ ይወጣል። አባቷ ሲያዩ ሣቁ። ከወደቁ ወዲህ እንዲያ ሲሥቁ አይታቸው አታውቅም። ነገ እሄዳለሁ እያሉ አልሄዱም፤ ጠዋት ጠዋት ከምድጃው አጠገብ እየቆሙ ብረት ይይዙላታል።

ኅዳር ሲገባ ማጭድ የሚያስስል ገበሬ በዛ። በአንድ የገበያ ቀን ሰዎች መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ተራ ሲጠብቁ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። ውበቴ በላሜራ ብታራግብ፣ አቶ ገብረ ሕይወት በአፋቸው እፍ ቢሉ፣ ከሰሉ እየጠቆረ ሄደ። ወናፉን እንዳያመጡት መዘርጊያ የለውም። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ የዚያን ጊዜ በአጥሩ አናት ብቅ አሉ። የሚቆሙበት ድንጋይ ሳይኖር አይቀርም።

"ዛሬ ምን ሆናችሁ? ዝም አላችሁብኝ" አሉ።

ውበቴ መብራት መጥፋቱን ነገረቻቸው። እሳቸው ማራገቢያውን በዓይናቸው ፈልገው አገኙት።

"ይኼ የሚሽከረከር ነገር ነው አይደል? በእግር ቢዞር አይሆንም? የባለቤቴ የስፌት መኪና እግር ጓሮ ቆሟል። መንኮራኩሩ አሁንም ይዞራል፤ የልጅ ልጄ ትጫወትበታለች።"

አባትና ልጅ ተያዩ። የስፌት መኪናው እግር ከነመርገጫው በአጥሩ ላይ ተሻግሮ መጣ። ዝገቱን በዘይት አራሱት። ውበቴ የማራገቢያውን ሞተር ፈትታ ክንፉን ብቻ አስቀረች፤ ከመንኮራኩሩ ጋር በጎማ ቺንጋ አገናኘችው። ቺንጋው ሁለት ጊዜ አመለጠ። ከዚያ ያዘ። አቶ ገብረ ሕይወት በርጩማ ላይ ተቀምጠው መርገጫውን ሲረግጡ ከማራገቢያው ቧንቧ ነፋስ ወጣ፤ ከሰሉም ቀላ። እግራቸው ደህና ነበር፤ ትከሻቸውም ሥራ አልነበረውም።

"እንደ ባሌ አይደለም የሚረግጡት፤ ቀስ ይበሉ" አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከአጥሩ በላይ።

ዕለቱን የመጣ ማጭድ ሁሉ ተስሎ ገባ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ የልጅ ልጃቸውን ከውበቴ ማራቅ ወዲያው አልተዉም፤ አንዳንድ ቀን አሁንም ይጠሯታል። ሌላ ቀን ደግሞ ይረሱታል፤ ልጅቷም አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ መዶሻውን ታዳምጣለች። ውበቴ አንዱንም አላነሳችባቸውም። የቤታቸው በር ማጠፊያ ሲሰበር ግን ጠርተው ያሠሯት እሷን ነው።

አቶ ገብረ ሕይወት ለገና ወደ ቢቸና ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ የተጠናቀቀ ማጭድ አንስተው የእጀታውን አንገት አዩ፤ ጭረታቸው አለች።

"ይቺን ተያት፤ የራስሽን አድርጊ" አሏት።

"ምን ላድርግ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ሥራው ያንቺ ነው።"

ውበቴ ለብዙ ቀን አሰበችበት፤ እስካሁንም አልወሰነችም። በቅርቡ ከመርጡለ ማርያም አቅጣጫ አንዲት ሴት መጥታ፣ ባሏ የሚሠራበት መኮትኮቻ ከብዷት ጎመኗን መኮትኮት እንዳቃታት ነገረቻት። ውበቴ የሴትዮዋን መዳፍ በመዳፏ ለካች፤ ከመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ቀለል ያለ፣ አንገቱ አጠር ያለ መኮትኮቻ ሠራችላት። ሴትዮዋ መንገዱ ዳር ቆማ አየሩን ኮተኮተችበትና ፈገግ ብላ ሄደች።

በሚቀጥለው ገበያ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ተመለሰች። ውበቴ ከምድጃው ዘወር ብላ አየቻቸው። ቀዳዳዋ ሁሉንም ስለማትይዝ በርጩማውን ወደ መንገዱ አወጣችላቸውና፣ "አንድ በአንድ ግቡ፤ እጃችሁን ልየው" አለቻቸው።