የቢስቲማዋ እህት ስልክ

የቧንቧ ውሃ ሰፈር ቅሬያችን፣ የቀብር እድራችን፣ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ለየትኛው ዘመድ፣ በየትኛው ስልክ እንደሚነገር ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ተቀመጠ፤ ዲስኩም በምስጢር ቃል ተቆለፈ። ቃሉን የማውቀው እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን ያዘጋጀልን ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው የወንድሜ ልጅ ነው። የሰው ቤት ጉዳይ ስለሆነ ጥንቃቄ አይበዛም ብዬ፣ «ያላንተ ፈቃድ ማንም እንዳይከፍተው አድርገው» አልኩት።

«እርስዎም ጭምር?» ብሎ ሳቀ።

«እኔም ጭምር።»

አንድ ማክሰኞ ማለዳ ብቻውን የሚኖር ጎረቤታችን ሞቶ ተገኘ። ቀብሩ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ተባለ። ቢስቲማ ከተማ የምትኖር አንዲት እህት አለችው። ሴት መቃብር አትወርድም፤ የምትሰናበተው ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ነው። ስልኳ ያለው ደግሞ ዲስኩ ውስጥ ብቻ ነው።

ዲስኩ ከተቆለፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ የአስተዳዳሪውንም፣ ማለትም የወንድሜን ልጅ፣ ይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ለወንድሜ ልጅ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሥራ ሲገቡ ስልካቸውን በር ላይ ያስረክባሉ።

የቅሬው መሪ የሆኑት ዳኛ ከኋላዬ ቆመዋል። «ረስተሽው እንዳይሆን?»

«አልረሳሁም። አስተዳዳሪው ይምጣ ነው የሚለኝ።»

«ወላሂ ይቺ ማሽን ከቀበሌ ትብሳለች! ቃሉ እያለሽ ሌላ ሰው አምጪ ትላለች?»

የወንድሜ ልጅ በምሳ ሰዓት ደውሎ የራሱን ቃል ነገረኝ። ቁጥሩን አገኘሁ፤ እህቲቱም ወዲያው አነሳች። ጀናዛው ግን ከቤት ወጥቶ ነበር።

ወደ አስር ሰዓት ገደማ ደረሰች። አላለቀሰችም። ወንድሟ የተኛበትን ፍራሽ ስትዳስስ ቆየችና፣ «ለምን ቀደም ብሎ አልተነገረኝም?» አለችኝ። ማሽኑ አስቸገረን ማለት እችል ነበር።

«መዝገቡን ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

በዚያው ሳምንት እሑድ የወንድሜ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ አስተካከለው። «አሁን አስተዳዳሪ መሆን አያስፈልግዎትም። ይቺን ዲስክ ብቻ በራስዎ ቃል ይከፍታሉ። የኮምፒውተሩን ሌላ ነገር መለወጥ ግን አይችሉም።»

«እንዲህ ማድረግ ያኔም ይቻል ነበር?»

«ይቻል ነበር፣ እትዬ።»

ቃሌን ጻፍኩ፤ ተከፈተ። የምስጢር ቃሉን ለምክትሌም ሰጠኋት። ከዚያ ያልሠራሁት ሥራ ስለነበረ የሟቹን ስም ከአባላቱ ዝርዝር አወጣሁ። የእህቱን ቁጥር ግን አላጠፋሁትም።