ባለቤቴ ሲስለኝ

ባለቤቴ ከቡልጋሪያ የመጣው በደርግ ጊዜ ሥዕል ሊያስተምር ነው። መጣ፣ አገባኝ፣ ካዛንቺስ ቀረ። ያኔ የሱም አገር የኔም አገር የሚወዱት አንድ ዓይነት ሥዕል ነበር፤ ላብ አደር፣ መዶሻ፣ የምትወጣ ፀሐይ። ሞዴሉ እኔ ነበርኩ። መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ውዬ ስመጣ መጥረጊያ አስይዞ ያቆመኛል፤ ሸራው ላይ መጥረጊያው መዶሻ ይሆናል። ክንዴን ቄራ ሥጋ የሚሸከም ጎረምሳ ክንድ ያደርገዋል። ፊቴን ግን አይስለውም። ካገሩ ይዞት የመጣ፣ አገጩ ወደ ሰማይ የተሰቀለ ፊት ነበረው፤ ለወንዱም ለሴቱም እሱኑ ይለጥፋል። አንዱ ሥዕል መሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር፣ አንድም ባልደረባዬ አንቺን ትመስላለች ብሎኝ አያውቅም።

መንግሥት ሲለወጥ ሥዕሉ ወርዶ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ባለቤቴ ሰው አላናግርም ብሎ ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ዘመናዊ ሆነ። ሃይማኖቱን የሚቀይር ሰው እንኳ ትንሽ ያቅማማል፤ እሱ መዶሻውን በሦስት ማዕዘን፣ ላብ አደሩን በቢጫ መስመር ተካና እፎይ አለ። የሰፈራችን ሆቴሎችም ከሶፋቸው ጋር የሚሄድ ቀለም ሲያገኙ ይገዙት ጀመር። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ማለቴ፣ አሁን ውጩን ትቼ ውስጡን ነው የማየው" ይላል። ውጩን መቼ አይቶ ጨረሰው እላለሁ በልቤ።

በዚህ መሐል ታመምኩና ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለ። ፈራሁ። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ፎቶው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ ለቀስተኛው እሱን እያየ ነው የሚያለቅሰው። እኔ ያለኝ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱም አፍንጫዬ ላይ ማኅተም ያረፈበት።

"አንዴ እንኳ እኔኑ አድርገህ ሳለኝ" አልኩት። "ብሞት የዕድር ሰዎች ማንን እንደሚያለቅሱ ይወቁ።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሩን ዘግቶ ሲስል ሰነበተ፤ ተቀመጪልኝ ግን አላለኝም። ጠርቶ ሲያሳየኝ ሸራው ሰማያዊ ነው፣ መሐሉ ላይ ነጭ ክብ።

"እኔ የታለሁ?"

"አንቺ የሌለሽበት ቤት ነው" አለኝ። "ባዶነቱ።"

"ገና ሳልሄድ?"

ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ተናደድኩ፤ ጓዳ ገብቼም አለቀስኩ። በማግስቱ ፀጉሬን ተተኩሼ ኦሎምፒያ ፎቶ ቤት ሄድኩና ጥርሴን ሳልደብቅ ተነሳሁ። በትልቁ አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ ቡፌው ላይ አቆምኩት።

ሆስፒታል በምገባበት ዋዜማ ባለቤቴ ፎቶው ፊት ቆሞ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ ቆየ። እንዲህ አድርጎ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር።

"ይቺ ሴትዮ ማናት? ዘመድሽ ናት?" አለኝ። "ምን ዓይነት ፊት ነው። በቃ፣ ወደ ድሮው አሳሳሌ ትመልሰኛለች። ሞዴል ትሆነኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ።"

"ሞታለች" አልኩትና የሌሊት ልብሴን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።