ማርታ የተኛችበት ጓዳ

ልጅ ሆኜ ዝናብ መምጣቱን መጀመሪያ የምታውቀው አፍንጫዬ ነበረች። ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ከእንጦጦ በኩል የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ቁልቁል ይወርድና የካ ሚካኤልን አልፎ እኛ ሰፈር ይደርሳል። ያኔ እናቶች የተሰጣ ልብስና በርበሬ ለማንሳት ይሯሯጣሉ፤ እኛ ደግሞ መሬት ላይ ያሰመርነው ሰኞ ማክሰኞ በውሃ ሳይጠፋ አንድ ዙር ለመጨረስ እንጣደፋለን። የእኔ ዘመን ልጆች ይህን የምትረሱት አይመስለኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማማም ነበር።

ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ቁልቁለቱ ላይ ከተደረደሩት የቀበሌ ቤቶች የመጨረሻው ነበር። የግቢው በር ላይ ጋሽ ከድር ሱቅ ነበረው። ስኳርና ላምባ የምንገዛው ከእሱ ነው፤ ልጅ ሲላክለት ከረሜላ ሳይመርቅ አይሸኝም። ከእኛ ጎን ያለው ቤት የእትዬ ጫልቱ ነበር። አባታቸው ያንን ቁልቁለት ሁሉ ገብስ ይዘሩበት ነበር ይባላል፤ ከተማው ሲመጣ ለልጃቸው የተረፈችው አንዲት ክፍልና ከበሯ ፊት ያለች የጎመን መደብ ናት። እትዬ ጫልቱ ስናጠፋ በኦሮምኛ ተቆጥተው በአማርኛ ይታረቁን ነበር። አባቴ በደሴ መስመር የሚሠራ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ቤት አይውልም። እማዬ ሹራብ ትሠራለች። እኔና ታናሽ እህቴ ማርታ የክሩን ድውር በየተራ እንይዝላት ነበር።

አባቴ ከቤቱ ጀርባ አንዲት ጓዳ ቀጥሎ ነበር። ጓዳዋ የተጠጋችው ከላይ ያለውን አፈር ደግፎ በያዘው የድንጋይ ካብ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ በድንጋዮቹ መሐል ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እኔና ማርታ ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ጠብታውን በቆርኪ እየተቀበልን «ቡና» እናፈላበት ነበር። እትዬ ጫልቱ አንድ ቀን ብቅ ብለው አዩንና ፈገግ አላሉም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉ ለእማዬ። እማዬም አባቴ ሲመለስ ካቡን እንዲያሳድሰው እንደምትነግረው ቃል ገባችላቸው።

ነሐሴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ማርታ አምስት። ጉንፋን ይዟት ጓዳው ውስጥ ባለው የሽቦ አልጋ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። ከምሳ በኋላ ዝናቡ መጣ፤ ጥቂት ቆይቶ በረዶ ጨመረ። በረዶ ሲጥል ቤት መቀመጥ የሚችል ልጅ አልነበረም። ኩባያ ይዤ ስነሳ ማርታ ከጋቢው ውስጥ ብቅ አለችና «ለእኔም አምጪልኝ፣ ትልቅ ትልቁን» አለችኝ። እማዬና እትዬ ጫልቱ ደጅ ቆመው የጎርፉን መውረጃ በአካፋ ይከፍታሉ። እኔ ከጣሪያው ጠርዝ ስር ቁጢጥ ብዬ ትልቅ ትልቁን እየመረጥኩ መልቀም ጀመርኩ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ሰው ከባድ ጆንያ ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ ሲጥል የሚሰማው ዓይነት ነው። ዘወር ስል ጓዳው የለም። የጓዳው ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ታጥፎ ከጭቃና ከድንጋይ ስር ጫፉ ብቻ ይታያል።

እማዬ አልጮኸችም። አካፋውን ጥላ ሮጠችና በእጇ ጭቃውን መቧጠጥ ጀመረች። የጮኹት እትዬ ጫልቱ ናቸው። ጋሽ ከድር ሱቁን እንደተከፈተ ትቶት በባዶ እግሩ ደረሰ። ከላይ ሰፈርም፣ ከታችም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅም ሰው በዝናብ ውስጥ እየሮጠ መጣ። ዶማ የያዘ ነበረ፤ አብዛኛው ግን የመጣው ባዶ እጁን ነው። ጋሽ ከድር «በዶማ አትምቱ፣ ልጅ አለች። ድንጋዩን ተቀባበሉ» አለ፤ ሰዎቹም ተሰልፈው እያንዳንዱን ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ማሳለፍ ጀመሩ። እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጭቃው ውስጥ ተንበርክከዋል። «ኢንተላ ኮ፣ ኢንተላ ኮ» ይላሉ፤ ልጄን፣ ልጄን ማለታቸው ነው። አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ እንዳላይ ጉያዋ ውስጥ ሸሸገችኝ። ልብሷ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዝናቡ ሳያባራ አገኟት። ጋሽ ከድር ኮቱን አውልቆ ጠቀለላት፤ በመዳፉ ፊቷን ሲጠርግ በሴትየዋ ክንድ መሐል አየሁት። እማዬ እጇን ዘርግታ «ስጠኝ» አለችው።

«ቆይ እህቴ» አለ። «ትንሽ ላድርቃት።»

በማግሥቱ የካ ሚካኤል ተቀበረች። የሰፈሩ ወንዶች ሳጥኗን ተራ በተራ ተሸከሙ። ጋሽ ከድርም እስከ ቅጥሩ በር ተሸክሞ አደረሰና ቀብሩ እስኪያልቅ እዚያው ዝናብ ላይ ቆሞ ጠበቀ። በግቢያችን ውስጥ ድንኳን ሲተከል ሱቁ ተዘጋ፤ የእትዬ ጫልቱ ጎመን መደብ በሰው እግር ተረግጦ ጠፋ። ማንም ይቅርታ አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላዩበትም።

አባቴ ግን አልሰማም ነበር። ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር የለም፤ መንገድ ላይ ያለን ሾፌር የሚያገኘው ሰው የለም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የፈራው አንድ ነገር ነበር። አባቴ ሁልጊዜ ከመንደሩ መታጠፊያ ጀምሮ ክላክስ እያሰማ ነው የሚመጣው፤ ማርታም ያንን ስትሰማ ቁልቁለቱን በሩጫ ትወርዳለች። እንደዚያ ክላክሱን እያስጮኸ መጥቶ ድንኳኑን ቢያይስ? ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ሲጨርሱ ጋሽ ከድር «እኔ እጠብቀዋለሁ» ብሎ ተነሳ። ከሱቁ በርጩማ ይዞ ኮተቤ መንገድ ዳር ሄደና ተቀመጠ። የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ ታርጋውን እያየ ውሎ፣ ማታ ተመልሶ፣ ጎህ ሲቀድ እንደገና ይሄዳል። ምሳ የሚያደርሱለት እትዬ ጫልቱ ነበሩ።

አባቴ ሲመጣ ጋሽ ከድር እጁን አንስቶ አስቆመውና ጋቢና ውስጥ ገባ። «ወንድሜን አሞት ሾላ ተኝቷል፣ እባክህ አድርሰኝ» አለው። አባቴም ሳይጠራጠር መሪውን አዞረ። ወንድምየው ቤት ሽማግሌዎቹ ቀድመው ደርሰዋል። ራት አበሉት፤ በሽተኛው ተኝቷልና ጠዋት ታየዋለህ ብለው አሳደሩት፤ ሊነጋጋ ሲል መርዶውን ነገሩት። አባቴ ስለዚያ ጠዋት ብዙ አያወራም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ካደግኩ በኋላ፣ «ከድር መንገድ ላይ ባይጠብቀኝ ኖሮ መኪናውን ይዤ ገደል እገባ ነበር» ብሎኛል።

ካቡን መልሰው የሠሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጓዳውም ተሠራ፤ እማዬ ግን ከዚያ በኋላ ማንም እንዲተኛበት አልፈቀደችም። ከሰልና ሽንኩርት ይቀመጥበት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ትጠርገዋለች። ያን ክረምት ዝናብ በጀመረ ቁጥር እትዬ ጫልቱ እኛ ቤት መጥተው ይቀመጣሉ። ጥጣቸውን እየፈተሉ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁና ሲያባራ ተነስተው ይሄዳሉ። እማዬ አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ሥራ አስፈታኹዎት» ስትላቸው «ምን ሥራ አለኝ» ብለዋት አይናቸውን ከእንዝርቱ አላነሱም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለውን ብዙ ሰው በቃል ያውቀዋል። እኔ የማውቀው እንዲህ ሆኖ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል ተባለ። ጋሽ ከድር ልጁ ዘንድ ገባ። እትዬ ጫልቱን ዘመዶቻቸው ሰንዳፋ ወሰዷቸው፤ እዚያ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እናትና አባቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ። አባቴ የሞተው እዚያ ነው። ሰው በየአቅጣጫው ስለተበተነ ለቀብሩ ከድሮ ሰፈር የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጋሽ ከድር የሰማው ከሠልስት በኋላ ነው። ስልክ ደወለ። «እኔ ሳላውቅ?» አለኝ።

ባለፈው ዓመት ጉርድ ሾላ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ባልደረባዬ የሆነችው ሰናይት ቤት ልትገዛ አስባ «አብረሽኝ እይልኝ» አለችኝ። የት እንደሆነ ስትነግረኝ ደነገጥኩ፤ እሷ ግን የተወለድኩበትን አታውቅም፣ እኔም አልነገርኳት። ሕንፃው በመስታወት የተሸፈነ ነው። አሻሻጩ ሱፍ የለበሰ፣ ትሑት ወጣት ነው። ዘጠነኛ ፎቅ አወጣንና መጋረጃውን ገለጠልን። «ቪውው ይሄ ነው እህቶቼ፤ ከዚህ በኋላ እንጦጦን የሚጋርድባችሁ የለም» አለ። ጂሙን አሳየን፣ የልጆች መጫወቻውን አሳየን። እኔ የምፈልገው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ነበር። በመስኮቱ አገኘሁት። ከእሱ ቁልቁል በአይኔ እየለካሁ ስወርድ የቤታችን ቦታ ከሕንፃው ጀርባ ጥግ ላይ አረፈ።

«አካባቢውን ያውቁታል?» አለኝ ወጣቱ።

«ድሮ አውቀው ነበር።»

«አሁን በጣም ተቀይሯል» አለ በደስታ።

በመጨረሻ በሊፍት ወደ ምድር ቤቱ አወረደን፤ ፓርኪንጉን ሊያሳየን። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ከኋላ ያለው ግድግዳ ወፍራም ኮንክሪት ነው፤ ከስሩ ግን እርጥበት እያዠ ወለሉን በቀጭኑ አርሶታል። አንድ ቦታ ሞተር ያጉረመርማል። ሰናይት ጣቷን ቀስራ «ይሄ ውሃ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ተራራው ሥር ስለሆነ ትንሽ ይመጣል፤ ፓምፕ አለው፣ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል» አላት።

ግድግዳውን አልነካሁትም። ፊት ለፊቱ ግን ቆምኩ። መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም የመኪና ማቆሚያ መስመር ተሰምሯል፤ አንድ ሰው ቀድሞ ገዝቶ ኖሮ በሸራ የተሸፈነ መኪና ቆሞበታል። ማርታ ብትኖር ኖሮ አሁን ልጆች ይኖሯት ነበር ብዬ አሰብኩ። ሰናይት ክንዴን ያዘችና «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «በረደኝ» አልኳት፤ እውነትም በርዶኝ ነበር።

ሰናይት ቤቱን ገዛች። ከገባች ወራት አልፈዋል። በር ለበር የሚኖረው ማን እንደሆነ ብጠይቃት «ወንድ ይመስለኛል» አለችኝ። ባለፈው ክረምት ከእሷ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሞተው ነበር አሉ፤ እሷ ያወቀችው ሬሳው ወጥቶ፣ ተቀብሮ፣ ልጆቻቸው ቤቱን ሊያከራዩ ሰው ሲያመላልሱ ነው። ይህን የነገረችኝ አፍራ ነው። ደግ ሰው ናት፤ ብታውቅ ትደርስ ነበር። የሚነግራት ግን አልነበረም።

ይህን በሰማሁበት ሳምንት እሑድ እማዬን ላያት ሄድኩ። ጉልበቷ ደረጃ አላስወርድ ካላት ቆይቷል፤ ውጪውን የምታየው በበረንዳው በኩል ነው። ሕንፃውን ማየቴን እስከዚያ ቀን አልነገርኳትም ነበር፤ ከእህቴ ሞት በኋላ ያንን ጓዳ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ግን ፊቴን ማንበብ ታውቃለች፤ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ስለመስታወቱ፣ ስለፎቁ ብዛት፣ ጉልላቱ ከላይ ሲታይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ።

«ከኋላ በኩልስ?» አለችኝ። «እዚያ ጋ ምን ሠሩበት?»

«ቆፍረው መኪና ማቆሚያ አደረጉት፣ እማዬ።»

«ሰው አይተኛበትም?»

«አይተኛበትም።»

«ደግ አደረጉ።» ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ ደራረበች። «አሳስቦኝ ነበር። ያ መሬት አሁንም ውሃውን አልተወም። ሰው ቢያስተኙበትና አንድ ቀን እንደዚያ ቢሆን፣ አሁን እዚያ ማን አለ? ማን ሮጦ ይደርስላቸዋል?»

ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ተሰማና እኛ በር አጠገብ ሲደርስ ሁለታችንም ቀና አልን። አልፎ ወጣ። ከበላያችን አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ እማዬም ማን እንደሆነ አታውቅም።