ለመዳኔ የተጋገረ ድፎ

ሥራዬ የሰው ሻንጣ መመዘን ነው። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከሚዛኑ ኋላ ቆሜ፣ «ይሄ ይበዛል፣ ትንሽ ቀንስ» እያልኩ መንገደኛ ሳስቀይም እውላለሁ። ማንጎና የደረቀ ዓሣ ሻንጣ ሙሉ አጭቆ መጥቶ «ልብስ ብቻ ነው» የሚለኝን ሰው ፊት ማየት ከሥራው ጥቅማ ጥቅሞች አንዱ ነው። በረራው ሄዶ አዳራሹ ጭር ሲል ግን ሚዛኑ የግል ሐኪሜ ይሆናል። ጫማዬን አውልቄ እወጣበታለሁ። ስልሳ አምስት ኪሎ የነበርኩት ሰውዬ በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ ዘጠኝ ገባሁ። ሻንጣ ብሆን ኖሮ እኔን ቀንስ የሚለኝ አልነበረም።

ነገሩ ሆዴ ነው። የበላሁት ሁሉ ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት ያስሮጠኛል። ጋምቤላ ውስጥ ጥርስህን ቢያምህም መጀመሪያ የወባ ምርመራ ነው። ወባ የለብህም ተባልኩና የወባ መድኃኒት ተሰጠኝ፣ ለማንኛውም ተብሎ። ቀጥሎ ታይፎይድ ነው ተባለ። ከዚያ ጃርዲያ። ከዚያ አሜባ። ከዚያ የጨጓራ ባክቴሪያ። እሱን ለሁለት ሳምንት በሦስት ዓይነት መድኃኒት ስቀጠቅጠው ከረምኩ፤ ባክቴሪያው ይሙት አይሙት አላውቅም፣ እኔ ግን ለጥቂት ነው የተረፍኩት። አንዱ ክሊኒክ ውስጥ ካርዴን ያገላበጠ ባለሙያ ደግሞ «ጭንቀት ነው፣ ሚስት አግባ» አለኝ። መድኃኒቱ የትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ ግን አልጻፈልኝም።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ የማይለወጥ ሕክምና ነበረኝ፣ የእናቴ በሶ። እናቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥታ እዚሁ ክልል መቲ የቀረች፣ ቡና እየለቀመች ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት። መቲ የቡና እንጂ የገብስ አገር አይደለም። እሷ ግን ከማሻ ደጋ የሚመጡ ነጋዴዎችን ቀን ጠብቃ ገብስ ትገዛለች፣ ትለቅማለች፣ ትቆላለች፣ ታስፈጫለች፣ ከረጢት ውስጥ ከትታ አፉን በመርፌ ትሰፋና በአውቶቡስ ትልክልኛለች። እኔ በከሳሁ ቁጥር ከረጢቱ ይወፍራል። «ጠዋት በማር፣ ማታ በጨው» ትለኛለች በስልክ። እኔም ታዛዥ ልጅ ነኝና ጠዋት በማር፣ ማታ በጨው እበጠብጣለሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ፣ በሶው ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር እያልኩ አመሰግናታለሁ።

በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልኝ። ደሜ ተቀዳ፣ ካሜራ ያለው ቱቦ አስዋጡኝ፣ ከአንጀቴም ቅንጣት ቆርጠው ወሰዱ። ውጤቱን የነገረችኝ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ሐኪም ናት። «ሴሊያክ ይባላል» አለችኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ ሰውነቴ እሱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋል፤ በውጊያው የሚጎዳው ደግሞ የራሴው አንጀት ነው። ስለዚህ የበላሁት ከሰውነቴ ጋር አይዋሃድም። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ሳይሆን አይቀርም አለች። መድኃኒቱ መተው ብቻ ነው፤ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ቢራ፣ ፍርፋሪ ሳይቀር። ካልተውኩ መክሳቴ እንደማይቆምና የባሰ ነገር ሊመጣ እንደሚችል ሳታለሳልስ ነገረችኝ።

«እስከ መቼ ነው የምተወው?»

«እስከ ዕድሜ ልክህ።»

«ጤፍስ?»

«ንጹሕ ከሆነ ትችላለህ።»

«በሶስ?» አልኳት። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

ጋምቤላ ተመልሼ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ፍለጋ ጀመርኩ። የምጠይቃት ሻጭ ሁሉ ንጹሕ ነው ትላለች። ምንም አልተቀላቀለበትም? ኧረ ምንም። ሩዝስ? ሩዝማ ትንሽ ካልገባበት መች ይነጣል። ፉርኖ ዱቄትስ? እሱማ ለማለስለሻ ነው። እኛ ገበያ ላይ ንጹሕ የሚባለው ነገር ብዙ እንግዳ ያስተናግዳል። ሦስት ሳምንት በድንችና በሙዝ ኖርኩ፤ ድንቹም ሙዙም ሰለቹኝ፣ እኔም እነሱን ሳልሰለቻቸው አልቀረሁም።

ከዚህ ያወጣችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከሚዛኑ ጎን ትኬት የምታይ አኝዋ ሴት ናት፤ ምሳዋን በሳህን ይዛ ነው የምትመጣው፣ የበቆሎ ገንፎና ከባሮ ወንዝ የወጣ ዓሣ። አንድ ቀን ሙዜን ስልጥ ስታየኝ፣

«በቆሎ ያምሃል?» አለችኝ።

«አያመኝም።»

«ዓሣ ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ለምንድነው የምትራበው?»

እዚሁ ክልል ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄን ምግብ «የእነሱ ምግብ» እያልኩ ሳልቀምሰው የኖርኩ የተከበርኩ ደገኛ ነኝ። ጤፍና ስንዴ በመኪና እያስጫንኩ ራሴን ስመርዝ፣ የሚያድነኝ ምሳ በየቀኑ አጠገቤ ይበላ ነበር። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቷ ለሁለት ይሠራል፤ እኔ ደግሞ ጠዋት ወንዙ ዳር ወርጄ ዓሣውን እገዛለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ሚዛኑ ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ገባሁ። ባልደረባዬ ቁጥሩን አይታ «ትርፍ ጭነት ትከፍላለህ» አለችኝ።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ልነግራት ሞከርኩ። ገና «ሄሎ» ስል «በሶው ደረሰህ?» ትላለች፣ እኔም ደረሰኝ እላለሁ። ምን ልበላት? ዝናብና ጭቃ ላይ እየተንገላታሽ የምትልኪልኝ ነገር ነው የገደለኝ ልበላት? ከረጢቱን ለሥራ ቦታዬ ጫኝና አውራጆች መስጠት ጀመርኩ። እነሱ ጠዋት ጠዋት በስኳር እየጨበጡ ሲበሉት ፊታቸው ወዛ፣ ክንዳቸው ሞላ። እናቴ «በሶው አለቀ?» ስትለኝ አለቀ እላለሁ፤ ደስ ይላትና ጨምራ ትልካለች። እንዲህ አድርጌ አንድ ሙሉ የጭነት ክፍል ቀለብኩ።

ከዚያ መወፈሬን ከመንደራችን ሰው አንዱ ጋምቤላ መጥቶ አይቶ ነገራት። ወዲያው ደወለች።

«ልጄ፣ ስለቴ ሰመረ። ከዳነልኝ ለንግሡ ዕለት ድፎ ዳቦ አስገባለሁ ብዬ ለመልአኩ ተስዬ ነበር። መልአኩና በሶው አዳኑህ። አሁን ትመጣለህ።»

እኛ ሰፈር ደግሞ ልማድ አለ። የስለት ዳቦ ተባርኮ ሲቆረስ፣ መጀመሪያ የሚቀምሰው የተሳሉለት ሰው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲደረግ ያየሁት ነገር ነው። ስንዴ በመተዌ ስለዳንኩ እግዜርን በስንዴ ላመሰግን ነው ማለት ነው። እያወቅህ ለምን ሄድክ የሚለኝ ካለ፣ እዚያ ስደርስ አንድ ሰበብ አላጣም ብዬ ነው። ተማሪ ሆኜም ፈተና የምገባው እንደዚሁ ነበር፤ ውጤቴም ይታወቃል።

መቲ ስደርስ ቤቱ ሁሉ ዱቄት ነበር። እናቴ ቡኮውን አቡክታ፣ ኮባ ቅጠሏን ዘርግታ፣ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ጠበቀችኝ። አቅፋ ስትስመኝ ክንዷ እስከ ክርኗ ነጭ ነው። ጎኔን ዳበሰችና «ሥጋ አወጣህ» ብላ አለቀሰች። እኔም ልነግራት ያሰብኩትን ዋጥኩት።

በንግሡ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገባን። የእናቴ ድፎ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሁለት ሴቶች ናቸው የተሸከሙት። ቄሱ ባርከው ቆረሱና ትልቅ ቁራሽ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «እንካ ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ» አሉኝ። ገና ትኩስ ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ቆማለች፣ ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

ልብላው ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ቢበዛ አንድ ወር ብታመም ነው፣ የለመድኩት ነገር ነው አልኩ። ከዚያ ያ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ትዝ አለኝና ፈራሁ። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣

«እማዬ፣ የሚያሳምመኝ ይሄ ነው» አልኳት።

«ምን አልክ?» አለች ጮክ ብላ። ጆሮዋ ደከም ብሏል።

«ዳቦው ነው። ስንዴው ነው የሚያሳምመኝ።»

ለእሷ እንዲሰማ ብዬ ስናገር ሰንበቴው በሙሉ ሰማኝ። ከኋላ አንዱ «በቃ፣ ጴንጤ ሆኗል» አለ። ከዞርኩባቸው ክሊኒኮች ሁሉ ምርመራው ፈጣን ነበር። ቄሱም «የተባረከ እኮ ነው ልጄ፣ አይጎዳህም» አሉኝ በለሆሳስ። እኔ ቁራሹን እንደያዝኩ ቀረሁ። እናቴ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቁራሹን ከመዳፌ አነሳችው።

«አባ፣ የተሳልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ እቀምስለታለሁ።»

ሰው ሁሉ እያያት እስኪያልቅ ድረስ በላችው። ከዚያ ቀሪውን ለሰው አድሉ አለች።

ቤት ስንገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ግቢው ውስጥ የተሰጣ ቡና አለ፤ ዶሮዎቹ ሲጭሩት እንኳ እሽ አላለቻቸውም።

«ስንዴ ብቻ ነው?» አለችኝ።

ከተሰጣው ቡና አንድ ፍሬ አንስቼ መፈልፈል ጀመርኩ።

«ገብስስ?»

«ገብስም» አልኳት።

«የምልክልህን ማን ነው የሚበላው?»

«የሥራ ቦታ ልጆች።»

«ካወቅህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ስምንት ወር።»

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ሕፃን ሆነህ ሆድህ ተነፍቶ ታለቅስ ነበር» አለች። «ራበው ብዬ የገብስ አጥሚት አጠጣሃለሁ። ይብስብሃል። አልጠገበም ብዬ እጨምርልሃለሁ። ሌላ ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ፣ ማንን ልጠይቅ። ስትጮኽ እጨምራለሁ፣ ስጨምር ትጮኻለህ።»

«አላወቅሽም እኮ እማዬ።»

«እኔ አላወቅሁም» አለች። «አንተ አውቀህ ዋሸኸኝ። ያኔ አፍ ስላልነበረህ ነው፤ አሁን አፍ አውጥተህ ምን ከለከለህ?»

ያን ቀን ሌላ ነገር አላወራንም። ለራት ጎደሬ ቀቅላ ሰጠችኝ፤ ጠዋት አውቶቡስ ስሳፈር ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ከረጢት አላስያዘችኝም። እስከ ጋምቤላ ድረስ ባዶ ጭኔን እያየሁ ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወለችም፤ እኔ ስደውል ደህና ነኝ ብላ ትዘጋዋለች። አንድ ቀን ከመናኸሪያ ዕቃ መጥቶልሃል ተባልኩ። ያው ከረጢት ነው፣ አፉ በመርፌ የተሰፋ። ይዤው ሥራ ቦታ መጣሁ። ባልደረባዬ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችውና «ስድስት ኪሎ» አለች። ጫኝና አውራጆቹ ሳህናቸውን ይዘው ተሰለፉ። ከፍቼ ሳየው ዱቄቱ ብጫ ነው፣ የተቆላ በቆሎ ይሸታል። ደወልኩላት።

«ደረሰህ?» አለች።

«ደረሰኝ። ወፍጮ ቤቱ ግን ስንዴም ይፈጫል አይደል?»

«እንዳልሰማሁ ነው የምታወራኝ? የዱቄቱ ብናኝም ያሳምማል ብሎ የጤና ጣቢያው ልጅ ነግሮኛል። ሳይከፈት ሄጄ በሩ ላይ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ሁለት ቁና በቆሎ አስፈጨሁና ወፍጮውን አሳጠብኩት፤ እሱን ለዶሮዎቹ ሰጠሁ። ያንተን ከዚያ በኋላ ነው። በቆሎውንም በአዲስ ምጣድ ነው የቆላሁት። ብላና ንገረኝ።»

ሁለት ቁና በቆሎ፣ ወፍጮ ለማጠብ። ቡና ለቅማ የምትኖር ሴት ናት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ከዱቄቱ በውኃ ጨብጬ በላሁ፤ ጫኝና አውራጆቹ ቆመው ያዩኛል። አፌ ውስጥ ደረቀብኝ። እንባዬ መጣ፤ ደረቅ ነገር ስበላ እንዲህ ያደርገኛል።

«እንዴት ነው?» አለች። «እውነቱን።»

«ጨው አንሶታል እማዬ» አልኳት።

«እሺ» አለች፣ «እንዲህ ነው እንጂ የሚነገረው።»