በብርድ ቀን የተነበበው ማንቆርቆሪያ

ሸፊልድ ከተማ ውስጥ ሁለት ደረጃ ወርደው በሚገቡባት ጠባብ ሱቅ ሩበን ስታኒፎርዝ አርባ ስድስት ዓመት ሠራ። እንጀራው የተሰበረ የብር ዕቃ መጠገን ነበር፤ ሰው የሚያውቀው ግን በሌላ ነገር ነው። ከአያት የወረደ ማንኪያ፣ ከጨረታ የተገዛ መቅረዝ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የኖረ የስኳር ሳህን እየያዙ ይመጡና "ሩበን፣ ይሄ የማን እጅ ነው? ስንት ዓመቱ ነው?" ይሉታል። እሱም ዕቃውን ይገለብጥና አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጡትን ምልክቶች አንድ በአንድ ያነባል። የሚራመደው አንበሳ ብሩ ንጹህ መሆኑን ይመሰክራል። የነብር ራስ ካለበት የተመረመረው ለንደን ነው፣ መልህቅ ካለበት በርሚንግሃም፣ ዘውድ ካለበት እዚያው ሸፊልድ። ከዚያ ዓመቱን የምትናገር አንዲት ፊደል አለች። በመጨረሻ የአንጥረኛው ስም መነሻ ፊደላት ይመጣሉ።

እሱ ካነበበው በኋላ ሌላ ሰው ጋ ሄዶ የሚጠይቅ አልነበረም። "ሩበን ብሎታል" ከተባለ ነገሩ ያለቀ ነው።

እናቱ ከተማው ውስጥ እንደነበሩት ብዙ ሴቶች በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ማንኪያና ሹካ ስትወለውል የኖረች ናት። ጭንቅላቷን በቀይ ሻሽ፣ እግሮቿን በቡናማ ወረቀት ጠቅልላ ትሠራ ነበር፤ ማታ ስትገባ ከዓይኖቿ በቀር ሁሉ ነገሯ ጥቁር ነው። ልጇ አንጥረኛ ቤት ሲገባ ተሳለቀችበት። "እኔ የማጠፋውን አንተ ልታነብ ነው?" አለችው። እውነቷን ነበር። ብር በተወለወለ ቁጥር ምልክቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ይሟሽሻል፤ በጣም የተወደደ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሠሪው የማይታወቅ ዕቃ ነው።

ሥራውን ያስተማረው ጄቤዝ ክሩክስ የሚባል ቁጡ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ምልክት ማንበብ ያስተማረው በሁለተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ያስተማረው መተንፈስ ብቻ ነበር። ድሮ የብር ግብር ከባድ በነበረበት ዘመን አንዳንድ አንጥረኞች አንዲት ትንሽ ዕቃ አስመርምረው፣ በትንሹ ግብር ከፍለው፣ ምልክቱ ያለበትን ቦታ እንደ ሳንቲም ክብ አድርገው ይቆርጡና ትልቅ ዕቃ ሥር ይበይዱት ነበር። ብየዳው ተሞርዶ ተወልውሎ ሲያበቃ ዓይን አያየውም። አፍን አስጠግቶ "ሃ" ሲሉበት ግን ብሩ ላይ ጉም ያርፋል፣ በጉሙ መሃል ቀጭን መስመር ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ጄቤዝ "ምልክቱ አይዋሽም፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው የሚዋሸው" ይል ነበር። "መጀመሪያ ተንፍስበት። ከዚያ አንብብ።"

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በስድስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ክላረንስ ሁኪን በረዶ እየረገጠ ሱቁ ገባ። ክላረንስ ከልጅነት ጀምሮ የሩበን ጓደኛ ነው፤ ቢላዋ ሲሞርድ የሚውል፣ ሳቁ ከሦስት ቤት በላይ የሚሰማ ሰው። ካፖርቱን አውልቆ አንድ ትልቅ የብር ማንቆርቆሪያ ጠቅልሎበት፣ እሱ በሸሚዙ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከከተማው ውጭ ካለ የጨረታ ቤት ነው ያመጣው። እስከ ሰኞ ካልወደደው ሊመልሰው ተስማምቷል። በሚያዝያ ዊኒፍሬድን ሊያገባ ነው፤ ገበታዋ ላይ የሚቀመጥ አንድ የክብር ዕቃ እንዲኖራት ፈልጓል።

"ቶሎ በል ሩቤ፣ ደረቴ በረዶ ሆነ!"

"ካፖርትህን ልበስ፣ አንተ እብድ።"

"መጀመሪያ ንገረኝ።"

ሩበን ገለበጠው፤ አነበበው። ለንደን፣ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው፣ በዘመኑ የታወቀ አንጥረኛ እጅ። ክላረንስ ሰምቶ ሳቀ፣ ጓደኛውን አንገቱን አቅፎ ሳመው፣ ማንቆርቆሪያውን መልሶ ጠቅልሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ የገና በዓል በመጣ ቁጥር፣ ማንቆርቆሪያው የሁኪኖች ገበታ መሃል ይቀመጥ ነበር። ክላረንስም ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሠሪውን ስምና ዓመቱን ይነግራል፤ "ሩበን ነው ያነበበው" ይላል። አንድ የጥቅምት ቀን ቢላዋ በሚሞርድበት ድንጋይ ፊት እንደተቀመጠ ሞተ። ሳንባው በድንጋይ ብናኝ ተሞልቶ ነበር።

ባሏ በሞተ በዓመቱ ዊኒፍሬድ፣ ሰው ሁሉ ዊኒ የሚላት፣ ማንቆርቆሪያውን በገበያ ቅርጫት ይዛ ሱቁ መጣች። ለከተማው ሙዚየም ልትሰጠው ወስናለች፤ ከሥሩም የክላረንስ ስም እንዲጻፍ ቃል ገብተውላታል።

"መቃብሩ ላይ ያለውን ስሙን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ" አለች። "እዚያ ግን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያልፍበታል። ሙዚየሙ ውስጥ የምትሠራው ልጅ የጠየቀችኝ ካንተ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የማን እንደሆነና ዓመቱን ጻፍልኝ።"

"እንዳልኩት ነው እኮ፣ ምን አዲስ ነገር አለው" አለ ሩበን። መነጽሩን ሰካ። ከዚያ እጁ በለመደው፣ ሳያስብ፣ አፉን አስጠግቶ ተነፈሰ።

በአራቱ ምልክቶች ዙሪያ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ መስመር ታየና ጠፋ።

ደግሞ ተነፈሰ። መስመሩ ያው እቦታው አለ። ዊኒ ሙዚየሙ ውስጥ ዕቃው የሚቀመጥበት የመስታወት ሣጥን መስኮቱ አጠገብ መሆኑን፣ ከሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኘው እያወራች ነበር።

"ለሐሙስ ተዪልኝ" አላት።

ሁለት ቀን ማንቆርቆሪያው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የሙዚየሟ ልጅ የሩበን ወረቀት ካለ ምንም እንደማትጠይቅ ያውቃል። በመስታወት ውስጥ ያለ ዕቃ ላይ ደግሞ ማንም አይተነፍስም። ዝም ቢል ክላረንስ ስሙን ያገኛል፣ ዊኒም መስኮቱ ሥር ቆማ ታነበዋለች። ይህን እያሰበ ብዕሩን ሁለቴ አነሳ፣ ሁለቴም አስቀመጠ። ያችን የጥር ቀን ደጋግሞ አስታወሳት። እንዴት እንዳመለጠው ቀስ በቀስ ገባው።

ረቡዕ ከሰዓት ማንቆርቆሪያውን ይዞ ዊኒ ቤት ሄደ። የዝንጅብል ኬክ ከምድጃ እያወጣች ነበር።

"ምነው፣ የሞተ ሰው መሰልክ? ግባ እንጂ፣ ብርዱን አታስገባብኝ።"

"ዊኒ፣ ተቀመጪ።"

"በገዛ ቤቴ ተቀመጪ የሚለኝ መጣ ደግሞ! አንተ ተቀመጥ።"

ማንቆርቆሪያውን ገልብጦ መስኮቱ ዘንድ ያዘላት። "ተንፍሺበት።"

"ምን?"

"አፍሽን አስጠጊና ተንፍሺ።"

እየሳቀች ተነፈሰች። ሳቋ ቆመ። "ይሄ ክብ ነገር ምንድን ነው?"

ነገራት። ማንቆርቆሪያው በእርግጥ አሮጌ መሆኑን፣ ምልክቶቹም እውነተኛ መሆናቸውን፣ ግን ከሌላ ትንሽ ዕቃ ተቆርጠው የተበየዱ መሆናቸውን ነገራት። ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ዓመት እንደሠራው ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገራት።

"ክላረንስ በየገናው ስሙን እየጠራ..."

"እኔ ነግሬው ነው።"

"አንተ ነግረኸው።" ኬኩን የያዘችበትን ጨርቅ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። "ያን ቀን አልተነፈስክበትም?"

"ከበረዶ ነው የገባው፤ ሱቁ ደግሞ ሞቃት ነበር። ገና ሳልነካው ዕቃው ሁሉ ጉም ለበሰ። መስመር ፈለግሁ፤ ወፍራም ጉም ምንም አያሳይም። ትንፋሼን የተካልኝ መሰለኝ። ጠረግሁትና አነበብሁ። እስኪሞቅ ጠብቄ እንደገና መተንፈስ ነበረብኝ።"

"ለምን አልጠበቅክም?"

"ፊቴ ቆሞ ይስቅ ነበር፣ ዊኒ።"

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። "ውጣልኝ" አለች። እሱ ባርኔጣውን አንስቶ በሩ ላይ ሲደርስ ከኋላው ጮኸች፤ "ኬኩንም ይዘህ ሂድ! ብቻዬን አልጨርሰውም።"

ሐሙስ ዕለት ሙዚየሙ ውስጥ ተገናኙ። ዊኒ ዞር ብላም አላየችውም፤ ሰላምም አላለችውም። ሩበን ወረቀቱን ኢሞጅን ታትል ለተባለችው ወጣት የሙዚየም ሠራተኛ ሰጣት። እውነቱን ጽፎበታል። ኢሞጅን አነበበች፣ ዕቃውን ገለበጠች፣ ተነፈሰችበት፤ ፊቷ በራ።

"እንዲህ ያለ አንድም የለንም! አቶ ስታኒፎርዝ፣ ይሄንን እኮ ሰው ማየት አለበት። ግብር እንዴት ይሰረቅ እንደነበር የሚያሳይ..."

"እና ከሥሩ የባሌን ስም ልትጽፊ ነው?" አለች ዊኒ። "'የማጭበርበሪያ ዕቃ፣ ለክላረንስ ሁኪን መታሰቢያ' ብለሽ? ክላረንስ በሕይወቱ የሰው ሚስማር እንኳን አልወሰደም።"

ልጅቷ ደነገጠች። "ወይዘሮ ሁኪን፣ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም።"

"አንቺ ምን በወጣሽ፣ የኔ ልጅ።" ዊኒ ቅርጫቷን አነሳች።

ያኔ ሩበን ተናገረ። ሲናገር የሚያየው መሬቱን ነበር። "የእኔንም ስም ጻፊ። ክላረንስ በቅንነት እንደጠየቀ፣ እኔ በስህተት እንዳነበብኩለት ጻፊ። እንዴት እንደተሳሳትኩም ጨምሪበት።"

"እንደዚያ መጻፍ የተለመደ አይደለም" አለች ኢሞጅን ቀስ ብላ።

"የከተማው ብር ነጋዴ ሁሉ ያነበዋል እኮ" አለች ዊኒ። ከረቡዕ ወዲህ ዓይኑን ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። "ከዚያ በኋላ ማን ዕቃ ያመጣልሃል፣ አንተ ሞኝ?"

"እንጃ።"

ቅርጫቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በኮሪደሩ የተማሪዎች ጫጫታ መጣና አለፈ። "የባሌን ስም አስቀድሚ" አለች በመጨረሻ ለኢሞጅን። "የሱን ከታች አድርጊው።"

በሚያዝያ ማንቆርቆሪያው በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ለሕዝብ መታየት ጀመረ። የፈሩት አልቀረም፤ ሁለት የቆዩ ነጋዴዎች ወደ ሩበን መምጣት ተዉ። አንዱ ደግሞ በየመጠጥ ቤቱ "ሩበን፣ ዛሬ ብርድ ነው፣ ነገ ልምጣ?" እያለ ያስቅበት ጀመር። ሩበን "ነገ ና" ይለዋል። ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም። በሕይወቱ ሰው ይረሳል እንጂ ብር አይረሳም፤ ከበረዶ ገብተው ያነበባቸውን ዕቃዎች እያስታወሰ፣ የባለቤቶቹን በር እያንኳኳ፣ "አንዴ እንድተነፍስበት ፍቀዱልኝ" ይል ጀመር። አሥራ አንድ ቤት ሄደ። ዘጠኙ ደህና ነበሩ። አንዱ ተበይዷል፤ የቤቱ ሴትዮ ከመስማቷ በፊት ማልቀስ ጀመረች። አንደኛው በሩን ዘጋበት።

ማንቆርቆሪያው ለሕዝብ በታየ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዊኒ ሩበንን አስከትላ ሙዚየሙ ሄዳ ነበር። መስታወቱ ዘንድ ልጅ የታቀፈች አንዲት ሴት ጽሑፉን ድምፅ አውጥታ ታነባለች። "ለክላረንስ ሁኪን መታሰቢያ፣ ከባለቤቱ። በቅንነት ገዝቶ ሠላሳ አምስት ዓመት አከበረው። ምልክቶቹን ሩበን ስታኒፎርዝ በብርድ ቀን በስህተት አነበባቸው፤ በኋላም ስህተቱን ራሱ ገለጠ።" ሴትዮዋ ዞር አለች። "ክላረንስ ማን ይሆን?"

"ባሌ ነው" አለች ዊኒ። "ያሳሳተው ጓደኛው ደግሞ ያውልሽ፣ ባርኔጣውን ይዞ የቆመው።"

ሴትዮዋ አፍራ ፊቷ ቀላ። ሩበን አንድ እርምጃ ቀረብ አለ። "እኔ ነኝ" አላት።