የድንቅቱ ብርጭቆ

ድንቅቱ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢዋን በር ከፍታ የወተቱን ባልዲ ደፉ ላይ ታስቀምጥና አንድ ብርጭቆ ቀድታ ሰልፈኞቹ ፊት ትጠጣለች። ሽያጩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ወተት ላይ ምን ምን እንደሚጨመር ሱሉልታ ውስጥ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ሻጯ ስትጠጣ ግን ሰው ሁሉ ያያል።

ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ደንበኞቿም ይጾማሉ፤ ልጆቻቸው ግን ወተት ይፈልጋሉ። በእነዚህ ቀናት ጎረቤቷ ያደታ በእሷ ፈንታ ይጠጣል። ያደታ ጴንጤ ነው፤ አይጾምም። ወተት አይወድም፤ ጎረቤት ግን ነው።

ባለፈው ዓርብ የወተት አምራቾች ማኅበር ባለሙያ የሆነችው ሐኒ መጣች። ላሞቹን መረመረች፣ በረቱን አየች፣ ወተቱን ለካች፤ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ሰጠች። ድንቅቱ በሩ ላይ ሰቀለችው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስድስተኛው ግዴታ «አምራቹ በሽያጭ ቦታ ያልፈላ ወተት አይጠጣም» ይላል። ከጥር ጀምሮ ማኅበሩ ወረቀት ከሌለው ሰው አይረከብም፤ የድንቅቱን የማታ ወተት በሙሉ የሚወስደው ደግሞ ማኅበሩ ነው።

ቅዳሜ ድንቅቱ ሳትጠጣ መሸጥ ጀመረች።

«ዛሬስ ምነው?» አለች የዘወትር ደንበኛዋ ሮማነወርቅ።

«ወረቀት አለኝ። ያውልሽ።»

«ወረቀት ሆድ የለው፤ በምን ይታመማል?»

ሰኞ ከሃያ ሊትር አሥራ አራቱ ተረፈ። ድንቅቱ አንድ ብርጭቆ አፍልታ አመጣችና ጠጣች። ሮማነወርቅ ከየትኛው ባልዲ እንደተቀዳ ጠየቀቻት።

ማክሰኞ ሐኒ ተጠርታ መጣች። ወተቱን ሰልፈኞቹ ፊት ለካችና ንጹሕ ነው አለች።

«እንግዲያው ቅመሽልና፣ ልጄ፣» አለች ሮማነወርቅ።

«እኔ ያልፈላ አልጠጣም።»

«እይዋት! የፈረመችው ራሷ ፈራች!»

ሁለት ሴቶች ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው ሄዱ። ድንቅቱ ወረቀቱን ከሚስማሩ አውርዳ ለሐኒ ዘረጋችላት።

«እንኪ፣ የኔ ልጅ። ከማኅበሩ በፊት የገዙኝ እነዚህ ናቸው።»

ሐኒ ስድስተኛውን ግዴታ ሁለት ጊዜ አነበበች።

«አዴ ድንቅቱ፣ አምራቹ አይጠጣም ነው የሚለው። ስለ ኦቦ ያደታ የሚለው ነገር የለም።»

«ሰኞም ልጠጣ?» አለ ያደታ ከአጥሩ ማዶ።

«እሑድም፣» አለች ድንቅቱ።

ወረቀቱ ወደ ሚስማሩ ተመለሰ። ከነገ ጀምሮ ያደታ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል።