ከደጅህ አልሄድ

ልጅ እያለሁ ቴአትር የሚባለው ነገር ሽታ ነበረው፤ ናፍጣ የጠጣ የጣውላ ወለል፣ በካፊያ የራሰ ጋቢ፣ ከመድረኩ ጥግ ደግሞ ለንጉሡ ጢም የተዘጋጀ የበግ ጠጉር። ደብረ ብርሃን፣ የቀበሌያችን አዳራሽ፣ በደርግ ጊዜ። የዚያ ዘመን ልጆች ታስታውሱታላችሁ።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። የቀበሌው ኪነት ግን ድምፅ እንጂ የትምህርት ካርድ አልጠየቀኝም። ኪነቱን የሚያሠለጥኑት መምህር ታፈሰ አንድ የድሮ የግጥም ቴአትር አመጡና፣ ንጉሥ ልጇን የገደለባትን እናት ሁኚ አሉኝ። እሳቸው እያነበቡልኝ በጆሮዬ ያዝኩት። መጀመሪያ ቋንቋው አሳቀኝ። ሰው ውሃ ሲጠማው እንኳ በግጥም! ከጓደኛዬ ከወርቅነሽ ጋር ቧንቧ ስንወርድ፣ "እመቤት ወርቅነሽ፣ ባልዲሽ ይነሣልኝ፤ ተራዬ ደርሶአል፣ ውሃው ይቀዳልኝ" እያልኳት እንንከተከት ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም። አንድ ቀን እናቴ ሱፍ እየፈተለች ቃሌን ስደግም ሰማችኝ፦

ልጄን ወዴት ጣልከው፣ አንተ ባለ ዘውድ፤
አፈር ሳላለብሰው፣ ከደጅህ አልሄድ።

እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ታላቅ ወንድሜን ሽፈራውን አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። አስከሬኑን አልሰጡንም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር፤ እናቴ ከል እንኳ አልለበሰችም።

"አንቺ ልጅ፣ ልታስፈጂን ነው?" አለች በሹክሹክታ። አዳራሹ ደጃፍ ዝር እንዳልል ከለከለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ቃሉ የገባኝ። ስንቀልድበት የነበረው ነገር ለካ ስለት አለው። ሌት ተቀን አፌ ውስጥ ይዞር ጀመር። የቴአትሩ እናት "ሳልቀብረው" ብትል ኖሮ እኮ እንዲህ አይሆንም፤ ልጅን ማልበስ የእናት ሥራ ነው። በአንዲት ቃል ይህን ሁሉ! ደስታው ደረቴን ሊያፈነዳው ደረሰ፤ የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም።

መምህር ታፈሰ እናቴን ሊለምኑ መጡ። የቀበሌው ካድሬ፣ የፊውዳሉን ግፍ ያጋልጣል ብሎ ቴአትሩን እንደወደደው፣ ስጋት እንደሌለም ነገሯት። እናቴም፣ አብሬያት መጥቼ በር ላይ እቆማለሁ፣ ነገር ካየሁ ይዣት እወጣለሁ አለች።

በዕለቱ ካድሬው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወጣሁ። ስንኙን አልኩት። ከዚያ አንዲት የአንኮበር አሮጊት፣ ልክ ለቅሶ ቤት አልቃሽ ስታወርድ እንደሚቀበሉት፣ "ከደጅህ አልሄድ" ብለው ተቀበሉኝ። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ። ደረት ይመታ ጀመር። ቴአትርነቱ ጠፋን። እኔም የሚቀጥለውን ቃል ትቼ ያንኑ ደጋገምኩት። ከበሩ በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ፤ "ልጄን ወዴት ጣልከው" እያለች፣ ነጠላዋ ወድቆ፣ እጆቿን ዘርግታ። ለሽፈራው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ካድሬውስ? ሕዝቡ በፊውዳሉ ላይ እንዲህ መንገብገቡ አኩርቶት፣ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ "ይህን የጻፈው ሰው ልጅ ሞቶበታል" አለችኝ።

ዛሬ በቴሌቪዥን የምሰማው ድራማ እንደ ሰፈር ወሬ ነው፤ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል። ትልቋ ልጄ ግን የድሮ ቴአትር ትወዳለች። በቀደም ሳሎን ቆማ ጮክ ብላ ስታጠና፣ ሳላስበው ሮጬ መስኮቱን ዘጋሁባት። ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል አልኳት።

"ይስማ እንጂ እማዬ፤ ለመሰማት አይደል እንዴ የተጻፈው?" ብላ ሳቀችብኝ።

ልጅ ሲያመሽ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ፤ ፍርሃቱን ከእናቴ ወርሼዋለሁ፣ አልለቀቀኝም። መስኮቱን ግን መልሼ ከፈትኩላት። ከፍቼም አጠገቡ ቆምኩ፤ ባንድ ጆሮዬ እሷን እየሰማሁ፣ በዓይኔ መንገዱን እየጠበቅሁ።